የእሑድ አስቤዛ

ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ያለውን ሱቅ በእንግሊዝኛ ስሙ የሚጠራ ሐበሻ አላውቅም። እኛ «ካርቶን ቤት» ነው የምንለው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተሰድሮ አይጠብቅህም፤ በመጣበት ካርቶን አፉ ተቀዶ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ አንተ ጎንበስ ብለህ ታነሳለህ። ሙዚቃ የለም። ቅመሱልኝ ብላ አይብ ይዛ የምትስቅልህ ልጅ የለችም። ክሬዲት ካርድ አይቀበሉም፣ ቼክ አይነኩም፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ። ከረጢት ከቤትህ ካላመጣህ እሱንም ትገዛለህ፤ የገዛኸውንም ግድግዳው ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ራስህ ትከታለህ። የአገሩ ሰው እዚያ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው። እኔ ግን እወደው ነበር። ሽንኩርቱ፣ ምስሩ፣ ጎኑ ጎድጎድ ያለው የቲማቲም ጣሳ፣ ሁሉም ሌላ ቦታ በሚሸጥበት ግማሽ ነው። አንዱን አንስቼ ጋሪው ውስጥ ባስቀመጥኩ ቁጥር ከእሑዴ ላይ አንድ ቁራሽ ያስመለስኩ ይመስለኝ ነበር።

ስለ እሑዴ ልንገራችሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ የአረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ አዛውንት አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። እሑድ ደግሞ ሆቴል ላውንድሪ እገባለሁ። አንሶላ፣ ፎጣ፣ እንደገና አንሶላ። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ ጫማው ውስጥ የቀረ ይመስል አይሰማኝም። ቅዳሴ ከቆምኩ ስንት ጊዜዬ! አንድ ቀን፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት መጨረሻ ላይ፣ ባሌ፣ ደረሰ ይባላል፣ እግሬን ሳሽ አየኝና ራሱ ሐሳቡን አመጣው።

«የትምወርቅ» አለኝ፣ «አስቤዛውን ጨክነን ካርቶን ቤት ብቻ ካደረግን የምናተርፈው የእሑድ ደሞዝሽን ይሸፍናል። እስከ ፋሲካ እንሞክረው። ከሆነልን ላውንድሪውን በል ደህና ሁን ትዪዋለሽ።»

ሐሳቡ ወርቅ ነበር። ክፋቱ፣ ያመጣው ደረሰ መሆኑ ነው።

ደረሰ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሌላ ሴት አያይም። ግን ብር እጁ ላይ አይበረክትም፣ ምክንያቱም ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት የአገሩን ሰው ካየ ይከፍላል። አለቀ። ሰውየው የገዛው አንድ ዳቦ ይሁን ጋሪ ሙሉ ዕቃ፣ ደረሰ ብሩን አስቀድሞ አጣጥፎ መዳፉ ውስጥ ስለሚይዝ የሚቀድመው የለም። አገር ቤት ሳለን ለቡና ለሻይ ነበር እንዲህ የሚደረገው። ለወር አስቤዛ ማን ሲከፍል አይታችኋል?

የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ከፊታችን ጋሽ መብራህቶም ተሰልፈው ነበር። ጋሽ መብራህቶም የአስመራ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቴሌ ሠርተዋል፣ አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው። አሁን ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ ኣዜብ እኔ ጋ ነው የሚሠሩት፣ አረጋውያኑ ቤት። ቤታቸውም ከካርቶን ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። ጋሽ መብራህቶም ቦርሳቸውን ሊያወጡ ሲሉ ደረሰ በጎን ብሩን ዘረጋ።

«በፍጹም! ደረሰ፣ ተው! በእግዚአብሔር!»

«ጋሼ፣ አይሞከርም!»

«ታላቅህ አይደለሁም እንዴ? ታላቅ እያለ ታናሽ ይከፍላል?»

«ታላቄ ስለሆኑ እኮ ነው!»

እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይጎትታል። ነጭ ፀጉር ያላት ገንዘብ ተቀባይ ድብድብ መስሏት አለቃዋን ጠራች። ክራባት ያሰረ ልጅ እየሮጠ መጣና «ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬይ ሂር?» አለ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ሩት «ማሚ፣ አይ ዶንት ኖው ዩ ጋይስ» ብላኝ ወደ ኮርንፍሌክሱ ሄደች። በመጨረሻ ደረሰ አሸነፈ። ሁሌም ያሸንፋል። ጋሽ መብራህቶም አመስግነው፣ ዕቃቸውን ታቅፈው፣ ትንሽ አጠር ብለው ወጡ።

ባሌን ሰው ፊት «ተው» ልበለው? ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። መኪና ውስጥ ግን አልተውኩትም።

«የኔን እሑድ ነው የከፈልከው» አልኩት።

«ታዲያ ዓይቼ እንዳላየ ልለፍ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ከራስ በላይ ነፋስ ነው፣ ደረሰ።»

«አንቺ ደግሞ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ቀጥሎ አስካለማርያም የምትባል የአገራችን ልጅ ከነልጆቿ መጣች፣ ከፈለ። እንደገና ጋሽ መብራህቶም፣ ከፈለ። ርካሽ ሱቅ ገብቶ የሚከስር ሰው በሚኒሶታ ውስጥ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚሉት፣ እሑዴን ከሩቅ እያየሁ ፎጣ ማጠፌን ቀጠልኩ።

ከጥምቀት በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻ የሚሞላው ሱቅ ጭር አለ። ደረሰ ሰልፉ ላይ አንገቱን እያሰገገ ያያል። ማንም የለም። ከገባን በኋላ ደግሞ መውጣት አይፈልግም፤ ሩዙ ጋ ይቆማል፣ ዘይቱ ጋ ይቆማል፣ በር በተከፈተ ቁጥር ዞር ይላል።

«ሰው ምን ሆኖ ነው?» ይለኛል። «አሜሪካ ሰዉን አቀዘቀዘችው።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። የያዝነው ብር ተርፎ ወደ ቤት ሲመለስ ያየሁት ያኔ ነው። ፋሲካ ስትቀርብ የሆቴሉ አለቃዬ ፊት ቆሜ የምናገረውን እንግሊዝኛ በልቤ ማጥናት ጀመርኩ።

አንድ ሰኞ በምሳ እረፍት ከእትዬ ኣዜብ ጋር እግራችንን ወንበር ላይ ሰቅለን ተቀምጠናል። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ምነው እትዬ ኣዜብ፣ ያመምዎት ይመስላሉ?»

«ደክሞኝ ነው፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ቅዳሜ ኢገን ሄደን መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስንንፏቀቅ መሸ።»

«ኢገን ምን ልትሠሩ?»

«አስቤዛ።»

«ካርቶን ቤት በራችሁ ላይ እያለ? ከፍሪድሊ ተነስታችሁ፣ ከተማውን አቋርጣችሁ ኢገን ድረስ?»

ዳቦአቸውን በወረቀቱ መልሰው ጠቀለሉት።

«ላልነግርሽ ነበር» አሉ። «ባልሽን ሸሽተን ነው።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ።

«መብራህቶም በተከፈለለት ቁጥር ማታ እራት አይበላም። 'አስመራ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ኪሱን የነካ ሰው አልነበረም፣ ዛሬ ልጅ ሽንኩርት ይግዛልኝ?' ይላል። እኛ እንክፈል ብንል ባልሽ አይቀደምም። ብድር በምድር ነው አይደል የሚባለው? ብድር የምንመልስበትን በር የዘጋብንን ሰው ምን እናድርገው? አንድ ቅዳሜ መኪናችሁን ደጅ ቆማ አየናትና እናንተ እስክትወጡ የኛ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። ሂተሯ አይሠራም። እግሬ ደርቆ ቀረ፣ መብራህቶም ግን 'አንገባም' አለ። እኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። አስካለማርያም ቅዳሜን ትታ በሥራ ቀን ነው የምትሄደው።»

ሰው በርካሽ ለመግዛት አገር አቋርጦ ሲነዳ ሰምቼአለሁ። ደግ ሰው ለመሸሽ ቤንዚን ሲያቃጥል ግን ያኔ ሰማሁ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

ለደረሰ አልነገርኩትም። ቢሰማ ይሰበራል ብዬ ነው። ደግሞም ዝም ካልኩ ሰው አይመጣም፣ ሰው ካልመጣ ብሩ አይወጣም፣ ብሩ ካልወጣ እሑድ የኔ ናት። ሁለቱም እውነት ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ራሴን አልጠየቅኩም። ቅዳሜ ሲመጣ «ዛሬስ ሰው እናገኝ ይሆን?» ሲለኝ መስኮቱን አያለሁ።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቅዳሜ ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝና ብሩን ሰጥቼ ብቻውን ላክሁት። ከሰዓት በኋላ በአንድ ከረጢት ጎመንና በአንድ ዳቦ ተመለሰ። ፊቱ ግን በርቷል።

«ዘይቱስ?»

«አንድ ልጅ አገኘሁ፣ ሆርዶፋ ይባላል። ከኬንያ ካምፕ ገና መምጣቱ ነው። ሰልፉ ላይ ከፊቴ ቆሞ፣ ብታዪው ደህና ጃኬት እንኳ የለውም...»

«ምስሩስ?»

«ሁሉንም ከፈልኩለት» አለኝ። «የትምዬ፣ እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ እኮ።»

ዘይት የለም። ምስር የለም። በሁዳዴ! ነገ ደግሞ ላውንድሪ ነኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ ማጭዱን ከእትዬ ኣዜብ ተቀብዬ ይዤው ሰንብቻለሁ።

«ደረሰ» አልኩት፣ «ሰው አልጠፋም። ከአንተ ነው የጠፋው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ኢገንን። የአስካለማርያምን የሥራ ቀን። ሂተር የሌላትን መኪና። ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ መብራህቶም መኪና ውስጥ ሆነው ጠበቁ?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በዚያ ብርድ?»

«አዎ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ፋብሪካ ምን እንደምመስል አይተሽኝ አታውቂም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የልብ ሕመምተኛ ደረት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ይገጣጥማል፣ ከዚያ በላይ አላውቅም። «ከራስ ፀጉሬ እስከ ጣቴ ተሸፍኜ ነው የምውለው። ኮፍያ፣ ማስክ፣ ጓንት። አጠገቤ ያለው ሰውዬ የሚያውቀው ዓይኔን ብቻ ነው። ሰኞ 'ሃይ'፣ ዓርብ 'ባይ'። አንቺ ደክመሽ ትተኛለሽ፣ ሩት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ቅዳሜ እዚያ ሱቅ ስገባ 'ደረሰ በፍጹም!' ብሎ ስሜን ጠርቶ እጄን የሚይዘኝ ሰው አለ። በሳምንት ውስጥ እጄን የሚነካኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የምከፍለው መሰለኝ።»

ልናደድበት ፈለግኩ፣ ላዝንለትም ፈለግኩ። ደክሞኝ ስለነበር ሁለቱም አልሆነልኝም። ጎመኑን አጠብኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርቶን ቤት በር ላይ ስንደርስ ደረሰ ከመኪና አልወርድም አለ። «እናንተ ግቡ፣ እኔ እጠብቃለሁ።» ከሩት ጋር ገብተን የሚያስፈልገንን ሁሉ ገዛን። ብር ተረፈን። ያሰብኩት ቀን ይኼ ነበር፤ እልል ልል ይገባኝ ነበር። ስወጣ ግን አስካለማርያም፣ የሥራ ቀኑ ሳይመቻት ቀርቶ ይሆናል፣ ልጆቿን እየጎተተች በመኪናው ፊት ስታልፍ፣ ባሌ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ስቦ ወደ ታች ሲንሸራተት አየሁት። ወርቅ የመሰለው ባሌ እንደ ሌባ ተደበቀ። ያንን ቀን ያተረፍኩት ብር እጄን አቃጠለኝ።

ሰኞ ለእትዬ ኣዜብ «ቅዳሜ ካርቶን ቤት ኑ» አልኳቸው። «ጋሽ መብራህቶም ይክፈሉልን።»

«ባልሽ እሺ ይላል?»

«እጁን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ስሚ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብዙ እንዳትገዙ ብቻ።»

«ሽንኩርት ብቻ።»

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ በረዶው መንገድ ዳር ጠቁሮ እየቀለጠ፣ ደረሰን በግድ አስገባሁት። የሩዙን ጆንያ የሚያነሳልኝ አጣሁ፣ እግሬም አልቻለም ብዬ ነው፤ ስለ እግሬ መዋሸት አላስፈለገኝም። ጋሪውን እየገፋ፣ መሬት መሬት እያየ ገባ፤ ሩትም ተከተለችን። ሩዙ ተጫነ፣ ዘይቱ፣ ምስሩ፣ የሽንኩርቱ ከረጢት። ወደ ሰልፉ ስንዞር ጋሽ መብራህቶም ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሊደርሱ አንድ ሰው ቀርቷቸዋል። ኮት ለብሰዋል፣ ክራባትም አድርገዋል። ለካርቶን ቤት! እትዬ ኣዜብ ከጎናቸው ቆመው ጣራ ጣራ ያያሉ።

ደረሰ አያቸውና ጋሪውን አዞረ። የውሻ ምግብ ከተከመረበት ኋላ ገብቶ ቆመ። ያንን የሚያህል ሰው፣ ከውሻ ምግብ ጀርባ።

የሽንኩርቱን ከረጢት ከጋሪው አነሳሁ። «ሩት፣ ጋሪውን ጠብቂ» አልኩና ወደ ሰልፉ ሄጄ ከጋሽ መብራህቶም ዕቃ ኋላ አስቀመጥኩት።

«ጋሽ መብራህቶም! እንዴት ዋሉ!» አልኩ፤ ሱቁ ሁሉ ሰማኝ።

«የትምወርቅ! ደረሰስ? ደረሰ የለም?»

ስሙ ሲጠራ መደበቁን አልቻለበትም። ከውሻ ምግቡ ኋላ ወጥቶ መጣ። እየመጣም እጁ ራሷ ወደ ኪሱ ሄደች፣ አመል ነው። በሁለት እጄ ያዝኳት።

«ልቀቂኝ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልለቅህም።»

«የትምወርቅ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። የዛሬውን ጋሼ ይከፍላሉ።»

ሊጎትት ሞከረ። እኔ ግን በየቀኑ ከእሱ የሚከብድ አዛውንት ከአልጋ የማነሳ ሴት ነኝ። ጋሽ መብራህቶም ቦርሳቸውን አወጡ። አልቸኮሉም። አንድ ብር አወጡ፣ አቃኑት፣ ሌላ አወጡ፣ እሱንም አቃኑት። ባለ ነጭ ፀጉሯ ገንዘብ ተቀባይ አንዴ እኛን አንዴ የአለቃዋን በር ታያለች። ጋሽ መብራህቶም በሽንኩርቱ ላይ እጃቸውን አኖሩና፣ ይኼንንም ጨምሪ ለማለት፣ «ዚስ ቱ። ሂ ኢዝ ማይ ብራዘር» አሏት።

የደረሰ እጅ እጄ ውስጥ መታገሏን ተወች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ። ያንን ቃል እዚያ ሱቅ ውስጥ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

«አሜን! አሜን!» አሉ ጋሽ መብራህቶም፣ ጮክ ብለው። ሽንኩርቱን ለማንም አልሰጡም፤ ራሳቸው ታቅፈው ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ወሰዱት። ከዚያ ደረሰን አንገቱን አቅፈው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደገና። ስለ ሂተሩ አወሩ። ደረሰ «እኔ አይልዎታለሁ፣ ቴርሞስታቱ ይሆናል» አላቸው። ሩት ከጋሪው አጠገብ ቆማ ዓይኗን ወደ ጣራ ትሰቅላለች። እግሬ ይጮሃል፣ ገና ያልከፈልነው ሩዝና ዘይት ከውሻ ምግብ ኋላ ቆሟል፣ እነሱ ግን ወሬ ይዘዋል። የባሌን እጅ እስካሁን እንደያዝኩ ነኝ፤ መልቀቁን ረስቼዋለሁ።

«ነገ ሆሳዕና ነው» አሉ ጋሽ መብራህቶም። «ከቅዳሴ በኋላ ቤት ኑ። ጾም ነው፣ ሽሮ ግን አይጠፋም። እንብላ፣ እንጫወት።»

«እንመጣለን፣ ጋሼ» አለ ደረሰ ወዲያው። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ፊቴን አየ፣ ወደ ጫማዬ ወረደ፣ እንደገና ወደ ፊቴ መጣ።

«እሷ እንኳ አትችልም» አለ። «እሑድ ትሠራለች። ይኼኔ ልታቆም የምትችል ሴት ነበረች። በዚች እጄ ምክንያት ነው እስከዛሬ የምትሠራው።» የያዝኳትን እጁን ትንሽ ከፍ አደረጋት፣ እኔም አብሬ ከፍ አልኩ። «ነገን ብቻ ሂጂ፣ የትምዬ። ከዚያ በኋላ አትሄጂም።»

እትዬ ኣዜብ ከረጢት ውስጥ ዕቃ መክተታቸውን አቆሙ። እኔ ደግሞ ደረሰ እሑዴን ከረሳት ቆይቷል ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ቅዳሜ የማስባት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። እንባዬ መጣ።

«እንዴ፣ የትምወርቅ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ጋሽ መብራህቶም ደንግጠው።

«ሽንኩርቱ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከረጢቱ ገና አልተፈታም ነበር።